ስድስተኛው ዓረፍተ ነገር

«እሷ እኮ ጠመኔ ናት፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ።»

ወንድሟ ይህን ያለው አገጩን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ ሚስቱ ክራቫቱን እያሰረችለት ነበር። መምህርቷ ሳሎኑንና ኩሽናውን ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ ቆማ፣ ጠረጴዛው ላይ ባጠፈችው ብርድ ልብስ ላይ ግራጫ ቀሚሷን ትተኩሳለች። መጋረጃው ስስ ነው፤ ቤቱም ትንሽ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ከሌላ ክፍል ሆኖ ይማርህ የሚልበት ዓይነት ቤት። ሚስቱ ሳቀች። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ጥሩ ቀልድ የሰማ ሰው የሚስቀው ሳቅ ነበር። መምህርቷን ከንግግሩ ይልቅ ያ ሳቅ ባሰባት። «ቀስ በል፣ ትሰማሃለች» አለች ሚስቱ። «ብትሰማስ? ምን ልታደርገኝ ነው፣ ይህቺ ታላቅ ደራሲ?» አለ እሱ። ሚስቱ፣ «ቢሆንም ስሟን መጽሐፉ ላይ ከታች በትንሹ ብታስገባላት ምን ነበረበት?» ስትለው፣ ክራቫቱ የጠበቀበት ይመስል ጉሮሮውን ጠረገ። «የሷ ስም ቢገባበት ሽፋኑ ራሱ ያፍራል። ሺህ ዓመት ብታስተምር ከዚያች ክፍል አትወጣም። እንደ ግድግዳ ሰዓት ናት፤ ሰው ቀና ብሎ የሚያያት ስትቆም ብቻ ነው።»

የሙያ ነገር ሆኖ፣ ከንዴቱ በፊት ዘይቤው ደረሰላት። ጠመኔ ናት ሲል፣ ተለዋጭ። ታላቅ ደራሲ ሲል፣ ምጸት። ሽፋኑ ያፍራል ሲል፣ ሰውኛ። ሺህ ዓመት፣ ግነት። እንደ ግድግዳ ሰዓት፣ ተነጻጻሪ። አንድ ሰው በአንድ ክራቫት ማሰሪያ ጊዜ አምስቱን የዘይቤ ዓይነት አሟልቶ ሲናገር ሰምታ አታውቅም። ንዴቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣም ጊዜውን ወስዶ፣ ከእግሯ ጀምሮ መጣ። ካውያው ቀሚሱ ላይ እንደቆመ የነቃችው የተቃጠለ ጨርቅ ሲሸታት ነው። ጫፉ ላይ የጣት ጥፍር የምታክል ቡናማ ምልክት ወጥታበታለች። ቀሚሱን አገላብጣ አየችው፤ ሌላ የሚለበስ ስለሌላት ለበሰችው።

እነሱ ጫማ ለማድረግ ወደ መኝታ ቤት ሲገቡ ወደ ሳሎኑ ወጣች። የሷው ክፍል ተማሪ የሆነችው የወንድሟ ልጅ ብቻዋን ተቀምጣ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች ትበላለች፤ ቀና ብላ አክስቷን አየቻትና መልሳ ወደ ብርጭቆዋ አቀረቀረች። ከጠረጴዛው ሥር ትናንት ከማተሚያ ቤት የመጣ ካርቶን አለ። መምህርቷ ጎንበስ ብላ ከላይ ያለውን መጽሐፍ አወጣች። «ዘይቤን ከቤት» ይላል። ርዕሱ የሷ ነው። ከሥሩ «አዘጋጅ» ይልና የወንድሟ ሙሉ ስም ከነዲግሪው ተጽፏል። ጀርባው ላይ ዋጋው ታትሟል፤ በዚያ ዋጋ አራት ደብተር ይገዛል። ገለጠችው። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ «ደረጃው ጉልበቴን ይጠላዋል» የሚል ምሳሌ አገኘች፤ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ተማሪዋ ከአያቱ አፍ ለቅሞ ያመጣላት ነው። የምስጋናው ገጽ መላውን የትምህርት ቤቱን ማኅበረሰብ ያመሰግናል። አምና ወንድሟ «ደብተርሽን ስጪኝ፣ ቢሮ ኮፒ አድርጌ ላስቀምጥልሽ፤ ይሄ ነገር መታተም አለበት» ሲላት ደስ ብሏት ነበር የሰጠችው። ሲታተምም፣ «ስምሽ አለበት» ብሏት ነበር።

ወንድሟ ከመኝታ ቤት ሲወጣ መጽሐፉን በእጇ እንደያዘች አገኛት። ያየው ሽፋኑን ነው፤ ፊቷን አላየም። «ቆንጆ ወጥቷል አይደል?» አለ። «ስለ ስሙ ነገር በኋላ እንነጋገራለን፤ ማተሚያ ቤቶቹ ናቸው ያበላሹት። ዛሬ ሱፐርቫይዘሯ ሲመጡ እንደሁልጊዜው አስተምሪ። ስለ መጽሐፉ ከጠየቁሽ ወደ እኔ ምሪያቸው።»

«እሺ» አለች። መጽሐፉን ወደ ካርቶኑ መለሰችው።

ወንድሟ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። ልጅ እያለ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት፤ ያን ጊዜ እትዬ ይላት ነበር፤ ዳይሬክተር ከሆነ ወዲህ በሰው ፊት «መምህርት»፣ በቤት ደግሞ «ስሚ» ነው የሚላት። ዛሬ ከትምህርት ቢሮ የሚመጡት ሱፐርቫይዘር ትምህርቱን አይተው ከወደዱት መጽሐፉ ለየትምህርት ቤቱ ይታደላል፤ እሱም ወደ ቢሮው ይዛወራል። ይህን ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ሲያወራ ሰምታዋለች። መኪናው ውስጥ ከፊት ሚስቱ፣ ከኋላ ልጁ ተቀመጡ፤ የቀረውን ቦታ የመጽሐፍ ካርቶኖች ያዙት። «አንቺ በእግርሽ ትመጫለሽ አይደል፣ ጊዜ አለሽ» አላት በመስኮቱ። በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው።

ሃያ አምስት ደቂቃው ጠቀማት። አስፋልቱን ተከትላ፣ ሱቆች መዝጊያቸውን ወደ ላይ ሲጠቀልሉ፣ ጠራጊዎች አቧራውን ከአንዱ በር ወደሌላው በር ሲገፉ እያየች፣ ምን እንደምታደርግ አሰበች። መጮህ አልፈለገችም። ለሱፐርቫይዘሯ ማልቀስም አልፈለገችም፤ የሚያለቅስ ሰው ታዝኖለት ይሸኛል እንጂ አይታመንም። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ወንድሟ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጦ፣ ጠዋት ክራቫቱን ሲያስር የተናገረውን የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ሲተነትኑት እንዲሰማ። ስሙን አትጠራም። ማን እንደተናገረው የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ይሆናሉ። ሰው መሀል ተቀምጦ፣ መነሳት አቅቶት፣ ጆሮው ድረስ ሲቀላ ማየት ይበቃታል። ይህን ስታስብ እርምጃዋ ፈጠነ። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገብታ አምስት ትልልቅ ወረቀትና አንድ ወፍራም ጥቁር ማርከር ገዛች። ባለሱቁ ያውቃታል። «ምን ልትጽፊበት ነው ቲቸር?» አላት ወረቀቱን ሲጠቀልል። «የሰው ወሬ» አለችው። ሳቀና አንድ ወረቀት መረቀላት። «ለወሬማ አምስት አይበቃም» አለ።

የመምህራን ማረፊያው ጥግ ላይ ተቀምጣ አምስቱን ዓረፍተ ነገር በአምስቱ ወረቀት ጻፈች፤ አንድም ቃል አልጨመረችም፣ አንድም አልቀነሰችም። ስድስተኛው ወረቀት ባዶውን ቀረ። የስፖርት አስተማሪው በትከሻዋ በኩል አጮልቆ፣ «ይህቺ ሴትዮ ማን ናት እባክሽ፣ እንዲህ የተባለችው?» አላት። «የማውቃት ሴት ናት።» «አጸፋውን አትሰጥም እንዴ?» መምህርቷ ማርከሯን ከደነች። «ታስተምራለች» አለችው። እሱ አልገባውም፤ ደወሉ ሲደወል ፊሽካውን ይዞ ሄደ።

ክፍሏ ሁለተኛ ፎቅ ጥግ ላይ ናት። አርባ ስድስት ልጆች ለሦስት ለሦስት ይቀመጡባታል፤ ከአራቱ መስኮቶች የአንዱ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ተሸፍኗል። ከሰሌዳው ጎን መምህርቷ ከአሮጌ አንሶላ ሰፍታ የሰቀለችው ጨርቅ አለ፤ አምስት ኪስ አለው፣ በየኪሱ ላይ የአንድ ዘይቤ ስም በቀይ ክር ተጠልፏል። በዚህ የተነሳ ትምህርት ቤቱ ሁሉ «ኪስ ቲቸር» ይላታል። ሥራው ቀላል ነው። ልጆቹ ሰኞ ሰኞ ቤታቸው ከሰሙት አንድ አንድ አባባል በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ያመጣሉ፤ ክፍሉ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሱን ካገኘ ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ይገባል። አባባሉ እንደተነገረው እውነት ነው? ምን በምን ተመስሎ ነው የቀረበው? ተናጋሪው በቀጥታ ያልተናገረውስ ለምንድን ነው? ሌሎች አስተማሪዎች የዘይቤን ትርጉም ያስጽፋሉ፣ ልጆቹ ያነበንባሉ፣ ከፈተና በኋላ ይረሱታል። የሷ ልጆች ግን ቤታቸው ገብተው እናታቸው ሺህ ጊዜ ጠራሁህ ስትል፣ «ይሄ ግነት ነው» እያሉ አንድ ሁለት ኩርኩም ቀምሰዋል።

ሱፐርቫይዘሯ አጭር፣ ሽበታቸውን ያልደበቁ ሴትዮ ናቸው። መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ከኋላ በኩል ለልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ወንድሟ አጠገባቸው ተቀምጦ መጽሐፉን ገልጦ ጉልበታቸው ላይ አኖረላቸው። ትምህርቱ እንደ ሁልጊዜው ጀመረ። አንዱ ተነስቶ፣ «አጎቴ እንደ አሮጌ መኪና ነው፣ ጠዋት ካልገፉት አይነሳም» ብሎ አነበበ፤ ክፍሉ ሳቀ፣ ወረቀቱ ተነጻጻሪ ኪስ ገባ። አንዷ አባቷ ከሃያ ሦስት ያመጣችበትን ፈተና አይቶ «እንዲህ ነው እንጂ ማጥናት» እንዳላት ተናገረች፤ ልጆቹ ምጸት አሉ፤ ለምን በቀጥታ አልተናገረም ሲባሉ አንዱ፣ «ቢቆጣ ታለቅሳለች፣ እንዲህ ሲላት ግን ማልቀስም አትችልም» አለ። ሱፐርቫይዘሯ መነጽራቸውን አድርገው ይህን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ወንድሟ ራሱን ነቀነቀ፤ ልጁን ያስተማረው እሱ ይመስል።

«ጎበዞች። ዛሬ እኔም ከቤቴ አምጥቻለሁ» አለች መምህርቷ፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ሰሌዳው ላይ በፕላስተር ለጠፈች። እሷ እኮ ጠመኔ ናት፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ።

ወደ ኋላ አላየችም። ያንን ለመጨረሻው አቆይታዋለች። አምስቱን አንድ በአንድ ለጠፈች፤ ልጆቹ አንድ በአንድ ለዩዋቸው። ጠመኔ ናት ያለው ተለዋጭ ነው፤ እንደ የለበትም፣ ይመስላል የለበትም፣ ቀጥታ ነው ያደረጋት። ሽፋን አያፍርም፣ የሚያፍረው ሰው ነው፤ ሰውኛ። ሺህ ዓመት የሚያስተምር የለም። ሰዓቱ ላይ ሲደርሱ አንደኛዋ ረድፍ ላይ የምትቀመጠው፣ በክርክሯ ብዛት ልጆቹ «ጠበቃዋ» የሚሏት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አምስቱም ስለ አንዲት ሴት ናቸው። የተናገረውም አንድ ሰው ነው።» «ከምን አወቅሽ?» «አነጋገሩ አንድ ነው።» መምህርቷ ጠመኔዋን ከአንዱ እጇ ወደሌላው አዛወረች። «እሺ፣ ሦስተኛው ጥያቄ። ይህ ሰው በቀጥታ ያልተናገረው ለምንድን ነው?» ጠበቃዋ አሰበች። «ስለሚፈራት ነው» አለች። «ባይፈራት አንዱ ይበቃው ነበር።»

ያን ጊዜ ነው መምህርቷ ወደ ኋላ ያየችው። ወንድሟ ልክ እንዳሰበችው ሆኗል። ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሷል፣ ጆሮው ቀልቷል፣ ጣቱን ክራቫቱና አንገቱ መሀል ከትቶ ይጎትታል። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እሷ ዓይኗን አልሰበረችም። ውስጧ የሆነ ነገር፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ የነበረ ነገር፣ ቁጭ ሲል ተሰማት። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ወረቀቶቹን አንስታ ሌላ ምዕራፍ ትጀምር ነበር።

ሱፐርቫይዘሯ ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እነዚህ ምሳሌዎች መጽሐፉ ውስጥ የሉም» አሉ። «ለልጅ ትንሽ ይከብዳሉ። እውነት ከቤት የመጡ ናቸው? ማን ነው እንዲህ የሚናገር?»

መምህርቷ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወንበር ተንቋቋ። የወንድሟ ልጅ ቆማለች። ሁለት እጇን ዴስኩ ላይ ጭና፣ ማንንም ሳታይ፣ «እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያልኩት። ጠዋት ተናድጄ ነው። ስለ አክስቴ ነው የተናገርኩት።» «አክስትሽ ማናት የኔ ልጅ?» አሉ ሱፐርቫይዘሯ። «ቲቸር ናት።» መምህርቷ ከቤት ስትወጣ፣ ስትገዛ፣ ስትጽፍ፣ ስትለጥፍ ስለዚህች ልጅ አንዴም አላሰበችም። ጠዋት ከሻይዋ ቀና ብላ ስታያት አይታታለች፤ ሁሉንም እንደሰማች ማወቅ ነበረባት፤ አላወቀችም፣ ወይ ማወቅ አልፈለገችም።

«አክስትሽን እንዲህ ስትያት አባትሽ ዝም አሉሽ?» አሉ ሱፐርቫይዘሯ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፣ ግራ መጋባት ነው። «አባትሽ ማናቸው?» ከየአቅጣጫው ልጆቹ፣ «ዳይሬክተሩ ናቸው» አሉላት። ሴትዮዋ ወደ ወንድሟ ዞሩ። ልጅቷም ዞረች። አንገቷን ብቻ አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ ዞረች፤ አንድ ነገር ይላል ብላ ነው። ወንድሟ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ለእንግዳ የሚፈገገውን። «ልጅ ናት እንግዲህ» አለ። «ቤት ገብተን እንቀጣታለን።»

ልጅቷ ቀስ ብላ ወደ ፊት ዞረች። ፊቷ ላይ እንባ አልነበረም፤ ከእንባ የሚብስ ነገር ነበር፤ የሆነ ስሌት ሠርታ መልሱ ያልጣማት ሰው ፊት ነበር። መምህርቷ ያን ፊት ስታይ ጠዋት የመጣባት ንዴት ትንሽ እንደነበር ገባት። የአሁኑ ከእግር አልጀመረም፤ አንድ ጊዜ ሞላት።

«ተቀመጪ የኔ ልጅ። አንቺ አይደለሽም» አለች። «እነዚህን አምስቱንም ዛሬ ጠዋት የተናገረው አባትሽ ነው፤ ስለ እኔ ነው የተናገረው፤ እኔም ሰምቼዋለሁ።» ከዚያ ባለሱቁ የመረቀላትን ወረቀት ለጠፈች፤ በጥቁሩ ማርከር ጻፈችበት። መጽሐፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ልጆች፣ ይህ ስድስተኛ ነው። የየትኛው ኪስ ነው?» ልጆቹ ከልባቸው አሰቡበት፤ አንዱ ግነት ብሎ መልሶ ተወው። በመጨረሻ ጠበቃዋ ሳትነሳ መለሰች። «የትኛውም ኪስ አይገባም ቲቸር። እንዳለ ነው።»

የቀረው በዳይሬክተሩ ቢሮ አለቀ። ወንድሟ ብዙ ተናገረ። ረድታኛለች አለ፣ መረጃ በማሰባሰብ በኩል ትልቅ አስተዋጽኦ ነበራት አለ፣ ትንሽ የቤተሰብ አለመግባባት ነው አለ። መምህርቷ ከክፍሏ ቁም ሣጥን ሦስት የብስኩት ቆርቆሮ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። የሰባት ዓመት ብጣሽ ወረቀቶች ናቸው፤ በያንዳንዱ ላይ የልጁ ስም፣ የተሰማበት ቀንና የመምህርቷ ፊርማ አለ። ሱፐርቫይዘሯ መጽሐፉን ገልጠው ከወረቀቶቹ ጋር ማመሳከር ጀመሩ። የፍሪጁ ምሳሌ፣ የደረጃውና የጉልበቱ፣ ሁሉም ተገኘ። አንድ ሰዓት ያህል ሲያመሳክሩ ቆዩ። ከዚያ ሴትዮዋ ቀና ሳይሉ፣ «አቶ ዳይሬክተር፣ ይህን ወረቀት ያነሳሁት እንዲያው ነው፤ 'ዛሬ ዝናቡ ቀጥሮን ቀረ' ይላል። የትኛው ኪስ ይገባል?» አሉት። ወንድሟ ክራቫቱን አላላ። «ግነት» አለ። ሴትዮዋ አላረሙትም። እስክሪብቶ አውጥተው ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም በአንድ መስመር ሰረዙት፤ መጽሐፉን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ጉዳዩ ይጣራል። ዝውውርዎም እስከዚያ ይቆያል» አሉ። መምህርቷ በዚያ ሰዓት ደስ አላት። ደስታዋን ለመደበቅ መሬት መሬት አላየችም። ወንድሟ ካርቶኖቹን ከቢሮው ወደ መኪናው ብቻውን ሲያመላልስ ከሁለተኛው ፎቅ ሆና አየችው፤ ስድስት ጊዜ ተመላለሰ፤ ስድስቱንም ጊዜ አየችው።

ማምሻውን እቤት ስትደርስ ሦስቱም ሳሎን ናቸው። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ይሠራል። የልጅቷ ምግብ ሳይነካ ፊቷ ቀርቧል፤ ከትምህርት ቤት ከመጣች ጀምሮ አልበላም ብላለች። የወንድሟ ሚስት መምህርቷን ከእግር እስከ ራሷ አይታ፣ «ደስ አለሽ?» አለቻት። «አዎ» አለች መምህርቷ። ሚስቱ ይህን መልስ አልጠበቀችም፤ ሳህኑን ወደ ልጇ አስጠጋች። ወንድሟ ቴሌቪዥኑን እያየ፣ «የቤት ጉዳይ በቤት ይነገራል። ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለ። «አንተስ የት ነበር የተናገርከው? ቤት ነው የተናገርከው። የቤት ሥራዬን ነው የሠራሁት።» «ልጄን ነው መሣሪያ ያደረግሽብኝ» አለ አሁን ወደሷ ዞሮ። ይቺ ነካቻት። ከነገራት ሁሉ ይቺ ብቻ እውነት ነበረባት። ቢሆንም አልለቀቀችውም። «ልጅህ ስትነሳ ዝም ያልከው አንተ ነህ። እኔ አይደለሁም እቀጣታለሁ ያልኩት።» ልጅቷ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች፤ ሳህኑን እንዳለ ትታ ወደ ክፍሏ ገባች። ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን ላይ አንድ ሰውዬ ስለ አየር ሁኔታ እጁን እያወናጨፈ ያስረዳል።

የመምህርቷ ክፍል ከኩሽናው ቀጥላ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተመቱ ሁለት ሚስማሮች። ቀሚሷን አውልቃ በአንደኛው ሚስማር ላይ ሰቀለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የተሰረዘውን ስም አሰበች፤ ጣቷ ላይ ያለውን የማርከር ቀለም እየፈተገች አሁንም ደስ ይላት እንደሆነ ራሷን ጠየቀች። ደስ ይላታል። አንዲት መስመር ስም ላይ ስትሰመር ማየት እንዲህ እንደሚያረካ አታውቅም ነበር። ነገ ክፍሏ ስትገባ ምን እንደሚሏት፣ ይህ ቤት እስከ መቼ እንደሚያስቀምጣት አታውቅም፤ ይህንንም አስባው አልፈራችም።

በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ናት። አልገባችም፤ መቃኑን ተደግፋ ቆመች፤ ካልሲ ብቻ ነው ያደረገችው።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቂኝ።»

«እኔ ባልነሳ ኖሮ ስሙን ትጠሪው ነበር?»

መምህርቷ መልሱን ታውቀዋለች። አትጠራውም ነበር። ጆሮው ሲቀላ አይታ፣ ወረቀቶቿን አንስታ ወደ ሌላ ምዕራፍ ትሄድ ነበር፤ ወንድሟም በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ቢሮው ይዛወር ነበር። ወንድሟን የጣለችው ይህቺ ልጅ ናት፤ ልታድነው ተነስታ። ልጅቷም ይህን ጠርጥራለች፤ ምግብ እንቢ ያላት እሱ ነው። መምህርቷ ለዓመታት ልጆች ሲጠይቋት አይተው የሚያውቁትን ፊቷን አደረገች፤ የሚያውቅ ሰው ፊት።

«እጠራው ነበር» አለች። «ብትነሺም ባትነሺም። ጠዋት መጋረጃው ጀርባ ሆኜ የወሰንኩት ነው። አንቺ ምንም ያደረግሽው ነገር የለም።»

የልጅቷ ትከሻ ወረደ። ለአፍታ፣ ከባድ ነገር ተሸክሞ የቆየ ሰው ሲያስቀምጥ እንደሚሆነው ሆነች። ከዚያ ፊቷ ጠነከረ፤ መምህርቷም ይህ እንደሚመጣ አውቃ ጠበቀችው።

«እንግዲያው አላናግርሽም» አለች ልጅቷ።

«እሺ።»

«ክፍል ውስጥም።»

«እሺ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ በሩን ዘግታ ሄደች። መምህርቷ መብራቱን ሳታጠፋ አልጋው ላይ ተጋደመች። የካልሲው እርምጃ ኩሽናውን አቋርጦ ሳሎን ሲገባ ሰማች። ከዚያ ከስሱ መጋረጃ ወዲያ ልጅቷ እናቷን፣ «ምግቤ ቀዝቅዟል፣ አሙቂልኝ» ስትል ሰማቻት።